ሁሉም ሰው ወንድሜን የገደለበት ሕልም

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የወንድሜን ገዳዮች ተሰልፈው አየኋቸው። ሰልፉ ከፖሊስ መምሪያው በር ይነሳና አደባባዩን ዞሮ፣ በባቡር ጣቢያው በኩል አድርጎ ቁልቁል ይወርዳል። መጨረሻው አይታይም። እኔ መጀመሪያ ዘይት የመጣ መስሎኝ ቶሎ ብዬ ቦታ ያዝኩ። ቆይቼ ሳስተውል ግን ሰዉ ሁሉ የክት ልብሱን ለብሷል፤ ወንዶቹ ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ለዘይት እንዲህ አይለበስም።

ከፊቴ የቆሙትን ሰውዬ «የምን ሰልፍ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዞር ሲሉ አቶ ክንዴ ናቸው፤ እኛ ሰፈር መድኃኒት ቤት ያላቸው ሰውዬ።

«የሊቀመንበር ጥላዬ ገዳዮች ሰልፍ ነው» አሉኝ። «ከእኔ ቀጥሎ አንቺ ነሽ፤ ቦታሽን እንዳትለቂ።»

ሊቀመንበር ጥላዬ ወልደየስ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሌላው ሊቀመንበር ይበለው እንጂ እኔ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። የአንድ የፖለቲካ ፓርቲ ሊቀመንበር ሆኖ ሳለ፣ በከተማችን ስታዲየም ለሕዝብ ንግግር ሲያደርግ ተተኮሰበትና ሞተ። ይህ በሕልም አይደለም፤ በእውን ነው። ማን እንደተኮሰበት ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንዱ የገዛ ጓዶቹ ናቸው ይላል፣ አንዱ መንግሥት ነው ይላል፣ አንዱ ጭራሽ አልሞተም ይላል። ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል እንጂ «እኔ ነኝ» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። በሕልሜ ግን ነገሩ ተገልብጦ ማንም ወደ ማንም አይጠቁምም። ሁሉም እኔ ነኝ ይላል።

«አቶ ክንዴ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የገደሉት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ እንጂ!» አሉ ኮታቸውን እያስተካከሉ። «በመርዝ ነው። ንግግሩን ሊጀምር ሲል ውኃ ተሰጥቶት አልነበር? እሱ ውስጥ ነው።»

«ተተኩሶበት አይደል እንዴ የሞተው?»

«እሱ የሌላ ሰው ሥራ ነው» አሉኝ ቅር ብሏቸው። «የተኳሾቹ ሰልፍ በወዲያኛው በኩል ነው። ከእነሱ ጋር አታቀላቅይኝ።»

ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረጉኝ። የእድራችን ሊቀመንበር ወይዘሮ ብርቄ ናቸው፤ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ አስከትለው መጥተዋል።

«እኛ በማኅበር ነው የገደልነው» አሉኝ። «ጥሩምባ አስነፋንና ሁላችንም ወጣን። የቀረ ተቀጥቷል። ከዚያ ድንኳኑንም እዚያው ተከልነው። ሁለት ጊዜ ከመውጣት አንድ ጊዜ መጨረስ ይሻላል ብለን ነው።»

ነፍስ ይማር ልበላቸው ወይስ ደግ አደረጋችሁ ልበላቸው ግራ ገባኝ። ሁለቱንም አልኳቸው። «አሜን» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔም አብሬ ተንቀሳቀስኩ። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ሕዝቡን ይለምናሉ። «እባካችሁ፣ ከመካከላችሁ አንድ የሚክድ ሰው የለም?» ይላሉ። ሰዉ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱማ ተናዶ «ሰባት ጊዜ አምኜ ሰባት ጊዜ መለሳችሁኝ! ምን በድዬ ነው?» እያለ ይጮህ ነበር።

መምሪያው በር ላይ ስደርስ ኮማንደር ስንሻውን አየኋቸው። ኮማንደሩ የወንድሜን ጉዳይ የያዙ መርማሪ ናቸው። በእውኑ ዓለም ቢሯቸው ስሄድ እሳቸው ተቀምጠው፣ እኔ ቆሜ ነው የምንነጋገረው። «አንቺ ሴትዮ፣ ምርመራው በሂደት ላይ ነው አላልኩሽም?» ይሉኛል፤ ንግግራችንም እዚያ ላይ ያልቃል። አሁን ግን ባለጉዳዩ ሁሉ ቢሮ ውስጥ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ ኮማንደሩ ጠረጴዛቸውን አስፋልት ላይ አውጥተው ካፊያ ይመታቸዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«እትዬ ውድነሽ!» አሉኝ። እትዬ ብለውኝ አያውቁም። «እትዬ ውድነሽ፣ ጠፋሁልዎ! አገር በሙሉ አመነ። ሁሉም ካመነ እኔ ምኑን ልመረምረው ነው? ልጆቼን በምን ላሳድግ? ያልገደለ ሰው የሚያውቁ እንደሆነ ይጠቁሙኝ።»

አሳዘኑኝ። ያለኝን ነገር ልስጣቸው ብዬ «እኔ አልገደልኩትም» አልኳቸው።

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቶ ክንዴ አንድ እርምጃ ራቅ አሉኝ። ወይዘሮ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ወይኔ ልጄን! ምን ነካሽ?» አሉ።

«ምን አሉኝ?» አሉ ኮማንደሩ።

«አልገደልኩትም። ወንድሜ እኮ ነው። ያን ቀን እቤት ሆኜ ድምፁን በሬዲዮ እየሰማሁ ነበር።»

ኮማንደር ስንሻው ፊሽካቸውን ነፉ። «ተጠርጣሪ ተገኘ!» ብለው ጮኹ። ሕዝቡ በጭብጨባ አደባባዩን አናወጠው፤ አንዳንዱ እልል አለ። ሁለት ፖሊሶች ካቴና ይዘው እየሮጡ መጡና፣ እኔን ያስሩኛል ስል እጃቸውን ለራሳቸው አሰሩ። ቁልፉን እኔ መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«አደራ እንዳንጠፋብሽ» አለኝ አንደኛው።

ወደ ፍርድ ቤት የሄድነው በጋሪ ነው። ጋሪውን ሁለት ጠበቆች ካባቸውን እንደለበሱ ይጎትቱታል፤ ፈረሱ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ አለንጋ ይዟል። የዝናብ ልብስ ለብሶ ነበር። «አንተ ግራኙ፣ ቀጥ በል! ይግባኝህን ቤትህ ስትደርስ ትላለህ» ይለዋል አንዱን ጠበቃ። መንገድ ዳር ጋዜጦች ተደርድረው ሰው ያነባሉ። አንዷ ጋዜጣ እኔን ገለጥ አድርጋ አየችኝና «ይቺ የድሮ ናት» ብላ ዘጋችኝ። አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት ከመቆሚያው ወርዶ ሻይ ይጠጣል። በእሱ ቦታ ከንቲባው እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ቆመዋል፤ ራሳቸው ላይ ርግብ አርፋለች፤ እንኳን ሊያባርሯት ዓይናቸውንም አያርገበግቡም።

ፈረሱ ዞር አለና «እኔ የምለው» አለኝ፣ «ወንድምሽን የገጨው መኪና እኮ ነው።»

«ስታዲየም ውስጥ ቆሞ ነው የሞተው» አልኩት።

«መኪና ደግሞ የት የማይገባበት አለ?» አለና በንዴት አለንጋውን አጮኸው። ጠበቆቹ ሽምጥ ጋለቡ።

ፍርድ ቤት የተባለው ያው ስታዲየሙ ራሱ ነው። እኔ ከወንድሜ ሞት በኋላ እዚያ ረግጬ አላውቅም።  ወንድሜ የቆመበት መድረክ እንዳለ ነበር፤ ማይክሮፎኑም ሳይነሳ ቆሟል። ሦስቱ ዳኞች በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ እኔ ስገባ ሕዝቡ ቁጭ እንዳለ እነሱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ።

«ክብርት ተከሳሽ» አሉኝ የመሐሉ ዳኛ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። «ለመሆኑ ጥፋተኛ አይደለሁም ብለዋል?»

«አይደለሁም።»

«ይህ ከባድ ወንጀል ነው። ማስረጃዎቹ ይግቡ።»

የስታዲየሙ በር ተከፈተና ወገን ወገን የያዘው ሕዝብ የየራሱን ማስረጃ እየገፋ ገባ። ማስረጃው ወንድሜ ነበር። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጥላዬ ይዞ መጥቷል። አቶ ክንዴ ከንፈሩ አረንጓዴ የሆነ ጥላዬ ይዘው ገቡ። ከፊት ነው የተተኮሰበት የሚሉት ደረቱ የተበሳ ጥላዬ አመጡ፤ ከኋላ ነው የሚሉት ደግሞ ጀርባው የተበሳውን። ሁለቱ ወገኖች መንገድ ላይ ሲደባደቡ ኖሮ ጥላዬዎቻቸው አቧራ ለብሰዋል። በመጨረሻ አልሞተም የሚሉት ገቡ። የእነሱ ጥላዬ ባርኔጣ አድርጎ ሻንጣ ይዟል፤ ወዝ አለው፤ ወፈር ብሏል።

አራቱም መልካቸው የወንድሜ ነው። ዓይናቸው የእሱ፣ ግንባራቸው የእሱ፣ ሲቆሙ ወደ አንድ ጎን ማዘንበላቸው የእሱ። «ወንድም ጋሼ» ስል አራቱም «አቤት ውድዬ» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ማልቀስ ፈለግሁ፤ ግን የቱን አይቼ ላልቅስ?

«እንግዲህ ይለዩ» አሉኝ ዳኛው። «እኅቱ አይደሉ?»

ወንድሜ ምልክት አለው። ልጆች ሆነን አጥር ስንዘል የግራ ጆሮውን ጫፍ ሽቦ ቀዶት ነበር። እናታችን እንዳታይ እኔ ነኝ በቀሚሴ የጠረግሁለት። ስለዚህ ጆሯቸውን ለማየት ተራ በተራ ተጠጋኋቸው። በመርዝ የሞተው ጠባሳው በቀኝ ነው። ከፊት የተተኮሰበት በሁለቱም ጆሮው አለው። ከኋላ የተተኮሰበት ጭራሽ ጆሮ የለውም። ምነው ብል፣ ያመጡት ሰዎች «ለምርመራ ተወስዷል፤ በሂደት ላይ ነው» አሉኝ።

ሻንጣ የያዘው ጋ ደረስኩ። ጠባሳው በግራ ነው፤ ልክ በቦታው። ጣቴን ልኬ ነካሁት። ጣቴ ረጠበ። ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር፤ ደሙ ትኩስ ነው።

ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሕዝቡ መጮህ ጀመረ፤ «የእኛው ነው! የእኛው ነው!» ይላል በየወገኑ። ግራ እንደተጋባሁ ወደ ተመልካቹ መቀመጫ ቀና ስል፣ ከላይ ጥግ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ አየሁ። ቡናማ ኮቱን ለብሷል። በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ እየቆረጠመ፣ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ ክርክሩን በጉጉት ይከታተላል። ወንድሜ ነው። የትም ቦታ አልቆሰለም።

ሁለቱን የታሰሩ ፖሊሶች እየጎተትኩ ደረጃውን ወጣሁ።

«ወንድም ጋሼ!»

«ውድዬ፣ ቁጭ በይ» አለኝ። «ከኋላ ያሉት አያዩም።»

ከኋላው ማንም አልነበረም። ቢሆንም ቁጭ አልኩ። ቆሎ ዘገነልኝ። እጁ ይሞቃል።

«ጥሩ ክርክር ነው» አለ። «የመርዙ ሰውዬ ግን ያስቃል። እኔ ያን ቀን ውኃ መቼ ጠጣሁ? ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር እኮ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ማን ነው የገደለህ?» አልኩት። ከዚህ በቀር የምጠይቀው ነገር አልመጣልኝም። ብርድ ብርድ አይልህም ወይ፣ ምን ትበላለህ፣ እናታችንን አግኝተሃታል ወይ ማለት ይገባኝ ነበር። አላልኩም።

ቆሎውን መቆርጠሙን አቆመና ወደ መድረኩ አየ።

«ወረቀቱን ነበር የማየው» አለኝ። «ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዲት ቃል አልነበብ አለችኝ። ጽሑፌን ታውቂው የለ፣ ለራሴም አይገባኝም። እሷን ለማንበብ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ወንበር የወደቀ መሰለኝ። ከዚያ ሰው ያጨበጨበ መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኸው።»

«ፊትህ ማን ነበር? ከኋላህስ?»

«ፊቴ ሕዝቡ ነበር። ከኋላዬ ጓዶቼ ነበሩ።» ከኮቱ ላይ የቆሎ ገለባ አራገፈ። «ሁለቱንም አምናቸው ነበር፤ ስለዚህ ቀና ብዬ አላየሁም።»

«እንግዲያው አንተም አታውቅም ማለት ነው?»

«እኔማ አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ። የእውነቱን ነበር፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። «ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ስንጠይቅ ነበራ።»

«ማንን?»

«ሁሉንም።»

«ምን አሏችሁ?»

«በሂደት ላይ ነው አሉን።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ ትን እስኪለው። ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት። ጀርባው ደህና ነው፤ ምንም የለበትም። እጄን እዚያው ላይ ተውኩት።

ከታች ዳኛው በመዶሻ ሳጥናቸውን መቱ። «ክብርት ተከሳሽ፣ ፍርዱን እየጠበቅን ነው!» አሉ። «ከአራቱ አንዱን መርጠው ወደ ቤትዎ ይወስዳሉ። የቀሩት ይቀበራሉ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ሕዝቡም ወደ ቤቱ ይግባ፤ ደክሞታል።»

ተነሳሁና ከጎኔ ያለውን ወንድሜን አሳየኋቸው። «እኔ የምፈልገው ይኼኛውን ነው!»

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ጠርገው መልሰው አደረጉ። «የቱን?»

«ይኼ ቡናማ ኮት የለበሰውን!»

«ከየትኛው ወገን ነው?»

«ከማንም ወገን አይደለም። ዝም ብሎ ወንድሜ ነው።»

ሦስቱ ዳኞች ተንሾካሾኩ። «እዚያ ሰው አይታየንም» አሉ የመሐሉ ዳኛ በመጨረሻ። «ወገን የሌለው ሟች በሕግ ፊት የለም። ከአራቱ ይምረጡ።»

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። የቀረችውን ቆሎ ወረቀቱ ላይ እየሰበሰበ ነበር። «ተያቸው ውድዬ» አለኝ። «የሚሻልሽን ያዢ። እኔ አልቀየምሽም።»

ከታች ሻንጣ የያዘው ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግታው የወንድሜ ፈገግታ ነው። «ነይ እንጂ» አለኝ፣ «ደክሞኛል። ወደ ቤት እንሂድ።»

እግሬ በራሱ ፈቃድ አንድ ደረጃ ወረደ። ከዚያ ሌላ ደረጃ። ይሄኛው ቤት ይገባል፤ ባርኔጣውን በር ላይ ይሰቅላል፤ ራት ቀረበ ስለው ይመጣል፤ ጆሮው ቢደማ እጠርግለታለሁ። ከኋላዬ የቆሎው ድምፅ ጠፋ። ዞር ብዬ ላየው አሰብኩ፤ አንገቴ ግን እምቢ አለኝ።

«ይምረጡ!» አሉ ዳኛው። መዶሻው ተመታ። «ይምረጡ!» አሁንም ተመታ። አፌን ከፈትኩ። መዶሻው ደጋግሞ ይመታል፤ እንጨት መሆኑ ቀርቶ የቆርቆሮ ድምፅ ማሰማት ጀመረ።

የግቢያችን በር እየተንኳኳ ነበር።

ፀሐይ ወጥታለች። ጋቢዬን ደርቤ፣ አንድ እግሬን በስህተት ሌላ ሰው ጫማ ውስጥ ከትቼ ወጣሁና ከፈትኩ። አንድ የማላውቀው ፖሊስ ቆሟል። ሃምሳ አለቃ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ዳገቱን በእግሩ ስለወጣ ያለከልካል።

«እንደምን አደሩ። ጥላዬ ወልደየስ የሚባሉ ሰው የሚኖሩት እዚህ ነው?» አለኝ።

ከኋላው ዳገቱን አየሁ፤ ብቻውን ነው የመጣው።

«አዲስ አጣሪ ቡድን ተቋቁሟል» አለ። «በአንድ የግድያ ጉዳይ ለምስክርነት ይፈለጋሉ። ግድያው ሲፈጸም ስታዲየሙ ውስጥ ነበሩ ተብሏል።»

«የማን ግድያ?»

«እሱን አልነገሩኝም፤ ምስክሮቹን ጥራ ነው ያሉኝ።»

የበሩን ብረት ጨበጥኩት። ቀዝቃዛ ነው። የነቃሁ ይመስላል።

«ካልቀረበስ?» አልኩት።

«ካልቀረቡማ ምስክር ጠፋ ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል።»

ሞቷል ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። 

«አሁን የለም፤ ወጣ ብሏል» አልኩት። «መዝገቡን እንዳትዘጉት። ሲመጣ እልከዋለሁ።»

ፊቱ በራ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። «ከንጋት ጀምሮ የሄድኩበት ቤት ሁሉ ሞቷል ነው የሚሉኝ።»